ሲልቨር ስፕሪንግ የከተማነት ቻርተር ያገኘችው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለልጆቻችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የከተማችንን አጭር ታሪክ በትንሽ መጽሔት መልክ እያዘጋጀሁ ነው። የተቆረቆረችበትን ዓመት አንዱ ጽሑፍ 1840፣ ሌላው 1873፣ ሌላው ደግሞ 1883 ይለዋል። በ1890 ቻርተር አግኝታ የመጀመሪያ ከንቲባዋን ሰየመች የሚልም አንብቤያለሁ። የአሁኑን ከንቲባ ስም ግን ፈልጌ አጣሁ። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ ከንቲባ አላት፤ እኛ ለምን የለንም? ትክክለኛው ዓመት የትኛው ነው? አሁንስ ከተማ መሆን እንችላለን?»

ምላሽ፦

የከንቲባውን ስም ፈልገው ያጡት ከንቲባ ስለሌለ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ የተቋቋመች ከተማ ሆና አታውቅም፤ ቻርተር (ከተማን በሕግ የሚያቋቁም ሰነድ) የላትም፣ የከተማ ምክር ቤት የላትም፣ በሕግ የጸና የከተማ ወሰንም የላትም። በ1890 ቻርተር ያገኘችው ጎረቤቷ ታኮማ ፓርክ ናት፤ 1883ም ታኮማ ፓርክ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው። ያነበቧቸው ጽሑፎች የሁለት አጎራባች ቦታዎችን ታሪክ አደባልቀውታል። በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ የሚሳሳቱት ከአገር ቤት ልማድ ተነስተው ስለሚያስቡ ነው። እኛ ዘንድ ሕዝብ በርከት ብሎ የሰፈረበት፣ ገበያና ሱቅ ያለው ቦታ ከተማ ነው፤ ከተማ ከሆነ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት አይጠፋም። በሜሪላንድ ሥርዓቱ ሌላ ነው። መሬቱ በሙሉ ካውንቲ በሚባሉ የአስተዳደር ክልሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከዚህ ውጭ ያለችው ራሷን ችላ እንደ ካውንቲ የምትቆጠረው የባልቲሞር ከተማ ብቻ ናት። መንገዱን፣ ፖሊሱን፣ ትምህርት ቤቱንና አብዛኛውን ግብር በመሠረቱ የሚይዘው ካውንቲው ነው። በካውንቲው ውስጥ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ያለው አካባቢ የሚኖረው ነዋሪዎቹ ጠይቀው፣ ሕግም ፈቅዶላቸው ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኙ ነው። የሕዝብ ብዛት በራሱ ይህን ሰውነት አይሰጥም። በ2020 ቆጠራ ሲልቨር ስፕሪንግ 81,015 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ታኮማ ፓርክ ደግሞ 17,629። ከንቲባ፣ ምክር ቤትና የራሷ ፖሊስ ያላት ግን ትንሿ ናት።

81,015 የሚለውን ቁጥርም በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። ይህ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ለስታቲስቲክስ ሲል ራሱ ባሰመረው መስመር ውስጥ የሚኖረው ሰው ቁጥር ነው። ፖስታ ቤቱ ደግሞ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለውን አድራሻ ከዚያ መስመር እጅግ አርቆ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ እስከ ኋይት ኦክና ኮልስቪል ድረስ ይሰጠዋል። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን የዓለም ጽሕፈት ቤት በፖስታ አድራሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ቦታው ግን ሀበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከጆርጂያ አቬኑና ከፌንተን ጎዳና ብዙ ማይል ይርቃል። ስለዚህ የልጆቹ መጽሔት የቱን ሲልቨር ስፕሪንግ እንደሚተርክ ከመጀመሪያው ገጽ መለየት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዓመታቱ እንምጣ። ከሁሉም በፊት አገሩ የፒስካታዌይ ሕዝቦች መሬት ነበር። አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ከመጡ በኋላ መሬቱ የትምባሆ፣ ኋላም የእህል እርሻ ሆነ፤ የእርሻው ጉልበት ደግሞ በብዛት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ጉልበት ነበር። በ1791 እና በ1792 የዋሽንግተን ዲሲ ወሰን ሲለካ፣ መስመሩ ከተማ በሌለበት በእርሻና በጫካ መካከል አለፈ፤ በየማይሉም ድንጋይ ተተከለ። ከነዚህ ድንጋዮች አንዱ ዛሬም ታኮማ ፓርክ ውስጥ ሜፕል አቬኑ ላይ፣ ከእግረኛው መንገድ አጠገብ፣ በብረት አጥር ተከልሎ ይገኛል፤ ጠርዙ የተሸረሸረ አጭር የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከሱ በፊት ያለው፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል በኢስተርን አቬኑ የነበረው ድንጋይ በ1952 በግንባታ ምክንያት ጠፋ፤ ቦታውን የሚያመለክተው መሬት ላይ የተተከለ የነሐስ ጽሑፍ ነው። ይህ ወሰን ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የታኮማ ፓርክን ዕጣ ስለወሰነ፣ ልጆቹ በእጃቸው ዳስሰው ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው።

1840 የሚባለው ዓመት ከፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር ጋር የተያያዘ ነው። ብሌር የዋሽንግተን ጋዜጣ አዘጋጅና የፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የቅርብ አማካሪ የነበረ ሰው ነው። ሲነገር እንደኖረው በዚያ ዓመት ከልጁ ከኤሊዛቤት ጋር በፈረስ ሲሄድ፣ በውስጡ ሚካ የሚባል ማዕድን ቅንጣቶች እንደ ብር የሚያብረቀርቁበት ምንጭ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው የበጋ መኖሪያ አሠራና «ሲልቨር ስፕሪንግ» አለው። ምንጩ ዛሬ ደርቋል፤ የነበረበት ቦታ ኤከርን ፓርክ የሚባል ጠባብ መናፈሻ ነው፤ የባሉጥ ፍሬ ቅርጽ ያለው ጣሪያ የለበሰ ትንሽ የእንጨት ዳስ እስከ አሁን ቆሞበታል። ይሁን እንጂ ብሌር የሠራው የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ርስት ነው። መሬት ሸንሽኖ አልሸጠም፣ መንገድ አልቀየሰም፣ ሰው አላሰፈረም። ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ በሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ የነበረችው መንደርም በዚያ ዘመን ስላይጎ ነበር የምትባለው። ስለዚህ 1840ን ስሙ የተገኘበት ዓመት ብለው ይጻፉት፤ ከተማዋ የተቆረቆረችበት ዓመት ብለው ግን አይጻፉ።

በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት፣ በሐምሌ 1864፣ የጄኔራል ጁባል ኧርሊ የደቡብ ጦር ዋሽንግተንን ሊያጠቃ ሲመጣ የሰፈረው በዚሁ ርስት ላይ ነው። የብሌር ልጅ ሞንትጎመሪ ብሌር በሊንከን ካቢኔ የፖስታ ሚኒስትር ስለነበር፣ ፎክላንድ የሚባለው የሱ ቤት በዚያ ዘመቻ ተቃጥሏል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኅዳር 1 ቀን 1864፣ የሜሪላንድ አዲስ ሕገ መንግሥት ባርነትን አስቀረ። በወሰኑ ማዶ በዲሲ ግን ባርነት የቀረው ከዚያ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1862 ነበር።

በአብዛኛው የማይጠቀሰው፣ እኔ ግን የመጽሔትዎ እምብርት እንዲሆን የምፈልገው ዓመት 1853 ነው። በዚያ ዓመት ሳሙኤል ሊተን የሚባል ነጻ ጥቁር ሠራተኛ በአካባቢው ወደ 4 ኤከር የሚጠጋ መሬት ገዛ። ከዚህ መሬት ተነስቶ ዛሬም ያለው ሊተንስቪል የተባለው የጥቁሮች ሰፈር አደገ። ብሌር የበጋ ቤቱን ሲያለማ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አቋቁሞ ለትውልድ የቆየ ማኅበረሰብ የመሠረቱት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ባርነት በአገሩ ሕግ ሆኖ ሳለ አንድ ጥቁር ሰው በስሙ መሬት መግዛቱና የገዛው መሬት የሰፈር መሠረት መሆኑ ከምንጩ ታሪክ ይልቅ ለስደተኛ ልጆች የሚናገረው ብዙ ነው።

1873 የባቡር ዓመት ነው። የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ኩባንያ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣውን የሜትሮፖሊታን መስመር በዚያ ዓመት ከፈተ። ባቡር ከተማ እንደሚወልድ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የዚህ መስመር ልዩነት የወለዳቸው መንደሮች የሚተዳደሩት በንግድ ሳይሆን በየቀኑ ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሱ በሚሠሩ የቢሮ ሠራተኞች ደመወዝ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ጠዋት ባቡር ተሳፍሮ መሥሪያ ቤቱ ይገባል፣ ማታ ንጹሕ አየር ወዳለበት ቤቱ ይመለሳል። ሐዲዱ በሲልቨር ስፕሪንግም አለፈ፤ ጣቢያም ተሠራ። ነገር ግን በጣቢያው ዙሪያ ያለው መሬት በጥቂት ትልልቅ ባለርስቶች እጅ ስለነበረ፣ ለብዙ ዓመታት እርሻና የገጠር መኖሪያ ሆኖ ቀረ።

ታኮማ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የተባለ የመሬት ነጋዴ በ1883 ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሰፊ እርሻ ገዝቶ ሸነሸነው። ማስታወቂያው ያነጣጠረው በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉትን የመንግሥት ሠራተኞች ነበር፤ የወባ ስጋት ካለበት የፖቶማክ ቆላ ራቅ ያለ ከፍታ፣ የምንጭ ውሃ፣ ዛፍ፣ በቅናሽ የሚገኝ ቦታ፣ ዋሽንግተን ድረስ አጭር የባቡር ጉዞ። መንገዶቹን በዛፍ ስም ሰየማቸው፤ ሜፕል፣ ሲደር፣ ቱሊፕ፣ ሆሊ የሚሉት እስከ ዛሬ አሉ። ሰፋሪዎቹ የገዙት ግን ቦታውን ብቻ ነበር። በዝናብ ጊዜ የሚያሰጥመውን ጭቃ፣ ማታ የሚውጠውን ጨለማ፣ ከጉድጓድ የሚቀዳውን ውሃና የሚፈስበት ያጣውን እድፍ የሚመለከት አካል አልነበረም። ሲልቨር ስፕሪንግም የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ በዚያን ጊዜ የገበሬዎች ካውንቲ ነበር፤ ለመንደር የእግረኛ መንገድና መብራት ገንዘብ ማውጣት ሥራዬ ብሎ አያውቅም።

ታኮማ ፓርክ ቻርተር የፈለገችበት ምክንያት ይኸው ነው። ነዋሪው ለጋራ ሥራ ገንዘብ ሲያዋጣ አንዱ ከፍሎ ሌላው እንዳይቀር የሚያስገድድ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ለቧንቧ ብድር ለመግባትም ተበዳሪ የሚሆን ሕጋዊ አካል ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ይህን ሰውነት የሚሰጠው የሜሪላንድ ጠቅላላ ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ከተማ በሚያወጣው ልዩ ሕግ ነበር። በሚያዝያ 1890 ሕጉ ወጣ፤ የመጀመሪያው ከንቲባም ራሱ ጊልበርት ሆነ። መሬቱን የሸጠው ሰው ከንቲባ መሆኑ ዛሬ የጥቅም ግጭት ተብሎ ያስጠይቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ከተማዋን ከሱ ይበልጥ የሚያውቃት አልነበረም።

እዚህ ላይ የወሰኑ ድንጋይ ይመጣል። የጊልበርት መንደር በመስመሩ በሁለቱም ወገን የተዘረጋ ነበር፤ የባቡር ጣቢያው ራሱ በዲሲ በኩል ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከመስመሩ ወዲያ አይሻገርም፤ በዲሲ በኩል ደግሞ ኮንግረስ በ1871 የነበሩትን ቻርተሮች ሽሮ አስተዳደሩን አንድ ስላደረገው በውስጡ ትናንሽ ከተሞችን ማቋቋም አይቻልም ነበር። ስለዚህ አንድ ሆኖ የተቆረቆረው መንደር ግማሹ ከተማ ሆነ፣ ግማሹ የዋሽንግተን ሰፈር ሆኖ ቀረ። በሜሪላንድ በኩል ያለውም ቢሆን በሁለት ካውንቲዎች፣ በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ፣ የተከፈለ ነበር። ይህ ክፍፍል የተስተካከለው ነዋሪዎች በድምፅ ከወሰኑ በኋላ በሐምሌ 1 ቀን 1997 ከተማዋ በሙሉ ወደ ሞንትጎመሪ ስትጠቃለል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የአንድ ከተማ ልጆች በተለያየ ካውንቲ ትምህርት ቤት ሲማሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ታኮማ ፓርክ ብቻዋን አልነበረችም። በዚያው የባቡር መስመር ኬንሲንግተን በ1894፣ ጋሬት ፓርክም በዚያው አሥርት ዓመት ቻርተር አገኙ። መሬት በተሸነሸነበት ፍጥነት አገልግሎት ስላልመጣ፣ በ1890ዎቹ ከተማ መሆን የመንደሮች ሁሉ መፍትሔ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ በዚያ ዘመን ቻርተር የሚጠይቅ ያህል ሕዝብ አልነበራትም፤ ሕዝቡ በመጣበት ዘመን ደግሞ ቻርተር ለመጠየቅ የሚያስገድደው ችግር በሌላ መንገድ ተፈትቶ ነበር። የጥያቄዎ ዋና መልስ እዚህ ላይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ በእውነት ያደገችው ከ1920ዎቹ ጀምሮ በመኪና ዘመን ነው። ያሳደጋትም የብሌር የልጅ ልጅ ልጅ ኤድዋርድ ብሩክ ሊ ነው፤ ያች ከአባቷ ጋር ምንጩን አየች የምትባለው ኤሊዛቤት አያቱ ናት። ብሩክ ሊ በአንድ እጁ የመሬት ነጋዴ፣ በሌላ እጁ የካውንቲው የፖለቲካ አለቃ ነበር፤ የሜሪላንድ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤም ሆኗል። በ1918 ለሞንትጎመሪና ለፕሪንስ ጆርጅስ የሚያገለግል የጋራ የውሃና ፍሳሽ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። በ1927 ደግሞ ሊ የደገፈው የፓርክና የፕላን ኮሚሽን ተጨመረ። ከዚህ በኋላ አንድ ነጋዴ እርሻ ገዝቶ ሲሸነሽን ውሃውን ኮሚሽኑ ያመጣለታል፣ ፕላኑን ሌላው ኮሚሽን ያጸድቅለታል፣ መንገዱን ካውንቲው ይይዝለታል። የጊልበርት ሰፋሪዎች በ1890 ከንቲባ መርጠው ያገኙትን የብሩክ ሊ ደንበኞች ከንቲባ ሳይመርጡ አገኙት። በእኔ ግምት ለነጋዴዎቹም የተመቻቸው ይህ ነበር፤ ተጨማሪ ግብር የሚጥል፣ ተጨማሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ምክር ቤት በመካከል አልቆመባቸውም። በ1938 ሲልቨር ቲያትርና አጠገቡ ያለው የገበያ ማዕከል ሲከፈቱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ማዘጋጃ ቤት የሌላት የገበያ ከተማ ሆና ነበር። ካውንቲውም በ1948 የራሱን ቻርተር አጽድቆ በምርጫ የሚመጣ ምክር ቤት ሲያቋቁም፣ ለነዋሪው ከንቲባና ምክር ቤት የሚሆንለት ካውንቲው ሆነ።

ይህን ክፍል ሲጽፉ አንድ ነገር እንዳይዘሉ አደራ። ብሩክ ሊና መሰሎቹ በሸጧቸው ቦታዎች የባለቤትነት ውል ላይ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ይገባ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ የወሰነው በ1948 ነው፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ የሚደረገውን መድልዎ ራሱን የፌዴራል ሕግ የከለከለው ደግሞ በ1968። ዛሬ የእኛ ሰው ቤት ገዝቶ በሚኖርባቸው መንገዶች ላይ ከሁለት ትውልድ በፊት እንደኛ ያለ ሰው የሚገባው ለሥራ ብቻ ነበር።

የራስ ምክር ቤት አለመኖር ዋጋም በሊተንስቪል ይታያል። በዙሪያው ያሉ አዳዲስ የነጮች ሰፈሮች ውሃ፣ ፍሳሽና አስፋልት ሲያገኙ፣ በ1853 የተመሠረተው ሰፈር እስከ 1960ዎቹ ድረስ ኮረኮንች መንገድ ይረግጥ ነበር፤ ቧንቧ ያልገባላቸው ቤቶችም ነበሩ። ከሐዲዱ ማዶ ወደ ገበያውና ወደ ሥራ የሚያሻግረው የታልቦት አቬኑ ድልድይ በ1918 የተሠራ ጠባብ ድልድይ ነበር፤ መቶ ዓመት አገልግሎ በ2019 ተነሥቷል። ካውንቲው ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ይተዋል፤ ድምፁ ያነሰ ሰፈር ጉዳዩን የሚያቀርብበት ቅርብ ሸንጎ አልነበረውም። በዚያው ልክ ግን ቻርተር ራሱ ፍትሕን ያረጋግጣል ብለው አይጻፉ፤ የራሳቸው ምክር ቤት የነበራቸው ከተሞችም ጥቁሮችን ሲያገሉ ኖረዋል።

የታኮማ ፓርክ ነዋሪዎች ትግል ጎልቶ ከታየባቸው ጊዜዎች አንዱ 1960ዎቹ ናቸው። በታኮማ ፓርክ መካከል የሚያልፍና ብዙ ቤቶችን የሚያፈርስ ሰፊ የመኪና አውራ ጎዳና ታቅዶ ነበር። ሳም አቦት የሚባል ነዋሪ ከዲሲ ጥቁር ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ተቃውሞውን መራ፤ ጎዳናው ተሰረዘ፤ በምትኩ በባቡሩ መስመር የተዘረጋው ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር ነው፤ የታኮማና የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያዎችም በየካቲት 1978 ተከፈቱ። አቦት ኋላ ላይ የታኮማ ፓርክ ከንቲባ ሆነ።

ለዛሬው ነዋሪ፣ በተለይም ለእኛ ማኅበረሰብ፣ ልዩነቱ በድምፅ መስጫ ላይ ጎልቶ ይታያል። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ እንዲመርጡ ፈቅዳለች፤ በ2013 ደግሞ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ አድርጋለች። በግሪን ካርድ ያለ ወገናችን ታኮማ ፓርክ ውስጥ ቢኖር ከንቲባውንና የምክር ቤት አባሉን ይመርጣል፤ ጥቂት መንገድ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢኖር የሚመርጠው የከተማ አስተዳደር የለም፤ የካውንቲ ምርጫ ደግሞ ዜግነት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ፈቃዱ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ዜግነት የሌለው ሰው በካውንቲ፣ በስቴት ወይም በፌዴራል ምርጫ ቢመዘገብ ወይም ድምፅ ቢሰጥ የስደት ጉዳዩን ክፉኛ ይጎዳበታል። አድራሻዎ የትኛው ወሰን ውስጥ እንደሆነም በፖስታ ላይ ከተጻፈው ስም አይወስኑ፤ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ።

ሌላም ምሳሌ አለ። ጎንደር በ2012 የእህትማማችነት ስምምነት ያደረገችው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር ነው። የኢትዮጵያውያን ኑሮ ጎልቶ የሚታየው በሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆንም፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ስም ውል የሚፈርም አካል የለም።

አሁን ከተማ መሆን ይቻላል ወይ ላሉት፣ በሕግ በሩ አልተዘጋም። ከ1954 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በኋላ የሜሪላንድ ምክር ቤት ለአንድ ከተማ ብቻ ልዩ ሕግ ማውጣቱን ስላቆመ፣ መንገዱ የነዋሪዎች ፊርማ፣ የካውንቲው ምክር ቤት ውሳኔና የሕዝብ ድምፅ ሆኗል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ወሰን መስመር ያስፈልጋል፤ የፖስታው፣ የቆጠራውና በሰው ልብ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለማይገጥሙ፣ መስመሩ ሲሰመር ጠቡ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ የከተማ ነዋሪ የካውንቲውን የንብረት ግብር ከፍሎ በላዩ የከተማውን ይከፍላል፤ ካውንቲው ለተደራራቢ አገልግሎት ለከተሞች የሚመልሰው ገንዘብ ቢኖርም ጠቅላላ ሂሳቡ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። ሦስተኛ፣ ሰዎች ከከተማነት የሚጠብቁት ነገር ሁሉ አብሮ አይመጣም። ትምህርት ቤቱ የካውንቲ ሆኖ ይቀጥላል፣ ውሃው የኮሚሽኑ ሆኖ ይቀጥላል፤ የመሬት አጠቃቀም ፕላንም ቢሆን፣ ሮክቪልና ጌተርስበርግ የራሳቸው ሥልጣን ሲኖራቸው፣ ታኮማ ፓርክ ከነቻርተሯ የምትገዛው በካውንቲው ፕላን ነው። ቤትዎ ፊት ለፊት ፎቅ እንዳይሠራ ብለው ከተማ መሆን የሚፈልጉ ከሆነ፣ የሚያገኙት መሣሪያ ለዚያ ሥራ አይሆንም። በመካከል ያለው አማራጭ፣ ለተወሰነ አገልግሎት ብቻ የሚከፈል ልዩ የግብር ክልል፣ በሲልቨር ስፕሪንግ መሀል አካባቢ ከነጽዳቱና ከነመኪና ማቆሚያው በሥራ ላይ ነው፤ ነገር ግን የሚመራው በካውንቲው ሥር እንጂ በተመረጠ የከተማ ምክር ቤት አይደለም።

ስለ መጽሔቱ የምመክረው አንድ ነው፤ «የከተማችን ታሪክ» ብለው በአንድ መቆርቆሪያ ዓመት አይጀምሩት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ያለ ዓመት የላትም። ታሪኩን በባቡሩ መስመር ላይ ያስይዙትና ታኮማ ፓርክንና ሲልቨር ስፕሪንግን ጎን ለጎን ይተርኩ። በመጀመሪያው ገጽ 1853 እና ሊተንስቪል ይቅደሙ፤ 1840 የስሙ መነሻ ሆኖ በአጭሩ ይከተል፤ 1873፣ 1883 እና 1890 በታኮማ ፓርክ ሥር ይግቡ፤ 1918፣ 1927 እና 1948 ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምን ከተማ እንዳልሆነች በሚያስረዳው ክፍል ይግቡ። 1890 የሚለውን ከሌላ ጽሑፍ ገልብጠው አያትሙ፤ ሕጉ አናፖሊስ ባለው የሜሪላንድ ቤተ መዛግብት በዚያ ዓመት ከወጡት ሕጎች ጋር ተጠርዞ ይገኛል፤ የዚያን ገጽ ቅጂ በመጽሔቱ ውስጥ ቢያስገቡት ልጆቹ የአንድ ከተማ የልደት ምስክር ወረቀት ምን እንደሚመስል በዓይናቸው ያያሉ። ከማተምዎ በፊትም ስለ ሊተንስቪል የጻፉትን ዛሬ እዚያ ለሚኖሩ አዛውንቶች አንብበው ያሰሙ፤ ያ ሰፈር ታሪኩን ጠብቆ ያቆየው በሰው አፍ ነው፤ ሳያማክሩ የጻፉት ስህተት ለማረም አስቸጋሪ ይሆናል።